ጨፌው በበጋ ሲለካ፦ በኮልፌ ቀራንዮ የመሬት ልማትና የማቃለያ ዕቅዶች ላይ የቀረበ አስተያየት

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርቶችን አዘውትሮ የሚያነብ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ይለምደዋል፤ ለልማት የተመረጠው ቦታ ክፍት የሣር መሬት እንደሆነ፣ አልፎ አልፎ ከብት ከመሰማራቱ በቀር ሌላ አገልግሎት እንደማይሰጥ የሚናገረውን። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት አይደለም፤ የተጻፈው በየካቲት ወር ነው። በየካቲት በምዕራብ አዲስ አበባ ያሉት ዝቅተኛ ሜዳዎች መሬታቸው ተሰነጣጥቆ፣ ሣራቸው ገርጥቶ ይታያል፤ መኪናም እስከ መሐላቸው ይገባል። ያንኑ ቦታ በነሐሴ ለማየት የሞከረ ግን ያለ ቦት ጫማ ከዳር አያልፍም። የመስክ ሥራው በየትኛው ወር እንደተከናወነ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጎልቶ የመጻፍ ልማድ ቢኖረን ኖሮ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ጋር ሆነን በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ምዕራባዊ ጠርዝ ለመኖሪያ ሕንፃዎች የተከለለ አንድ ቦታ ለማየት ሄደን ነበር። የሪፖርቱን ቅጂ ይዘናል፤ ረግረግ የሚለው ቃል በውስጡ አንድ ጊዜም አልተጠቀሰም። ከአጥሩ ወዲያ ያገኘናቸው አንዲት አዛውንት እናት ግን በልጅነታቸው በዚያ ሜዳ ላም ሰምጣ በገመድ ተጎትታ መውጣቷን፣ ለበዓል የሚጎዘጎዘውን ቄጠማም ከዚያው ያጭዱ እንደነበር አጫወቱን። ተማሪው በአካፋ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፈረ። የወጣው አፈር ግራጫ ነበር፤ በመሐሉም የዝገት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ይታዩበታል። ይህ መሬቱ በየዓመቱ ለረጅም ጊዜ በውሃ ተሞልቶ እንደሚቆይ የሚያመለክት፣ በማንኛውም የአፈር ሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ የሚገኝ ምልክት ነው። እናቲቱ የተናገሩትን አፈሩ መሰከረላቸው። ሪፖርቱ ሁለቱንም አልጠየቀም።

መሬቱ እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። የወጨጫ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው። በቋጥኞቹ ስንጥቆች የሰረገው የክረምት ውሃ ተዳፋቱ በሚያልቅበት ግርጌ በምንጭነት፣ አንዳንዴም ዓይን በማይለየው አዝጋሚ ፍሰት ይወጣል። በግርጌው የተንጣለለው አፈር ደግሞ በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲያብጥም ውሃን ወደ ታች የማያሳልፍ ጥቁር ሸክላ። ከላይ ውሃ የሚያቀብል ተራራ፣ ከታች ውሃ የሚይዝ አፈር፣ በመካከል በዓመት እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚደርስና አብዛኛው በክረምት የሚወርድ ዝናብ ሲገናኙ ጨፌ ይፈጠራል። ከእነዚህ ሜዳዎች የሚነሱት ጅረቶች ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ፤ ትንሹ አቃቂም የከተማዋን ምዕራብ አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጨፌ የሚለውን ቃል ከኦሮምኛ ጋር እንጋራዋለን። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት በዚሁ ቃል መጠራቱ ሕዝብ ተሰብስቦ ይመክርበት የነበረውን ለምለም መስክ ያስታውሳል። ለምክር ቤት መጠሪያ የበቃ ነገር በሪፖርቶቻችን ውስጥ «ክፍት ቦታ» ሆኖ መቅረቱ ያስገርመኛል።

ስለ ረግረግ የሚጻፉ ጽሑፎች አንድ ደካማ ልማድ አላቸው፤ ረግረግ ሁሉ እንደ ስፖንጅ ውሃ መጥጦ ጎርፍ ያስቀራል ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ቡሎክና አክሪማን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ግምገማ 169 ጥናቶችን መርምረው፣ በወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ የጎርፍ ሜዳዎች ጎርፍን በአብዛኛው እንደሚቀንሱ፣ በወንዝ ራስጌ ያሉ ረግረጎች ግን ብዙ ጊዜ ጎርፍን ሊያባብሱ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በነሐሴ ውሃ የጠገበ መሬት ተጨማሪ ዝናብ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። የኮልፌ ቀራንዮ ጨፌዎች ደግሞ ብዙዎቹ የራስጌ ናቸው። ስለዚህ «ረግረጉ ከጠፋ ጎርፍ ይመጣል» ብሎ መደምደም ሳይለኩ መናገር ነው። «ረግረጉ ምንም አይሠራም» ማለትም ያው ነው፤ ልዩነቱ ሁለተኛው ድምዳሜ በማኅተም ተረጋግጦ ግንባታ የሚጀመርበት መሆኑ ብቻ ነው።

ሳይለካ ሊባል የሚችለው ይህን ያህል ነው። አንድ ሄክታር መሬት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 400 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ከሣር መሬት ሩቡ ቢፈስ 100 ሜትር ኩብ ነው፤ ቦታው በጣሪያ፣ በአስፋልትና በንጣፍ ድንጋይ ተሸፍኖ አራት አምስተኛው ቢፈስ ደግሞ 320 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሩብና አራት አምስተኛ ያልኩት ለማሳያ ነው፤ ሆኖም ከእውነታው የራቁ አይደሉም። ልዩነቱ 220 ሜትር ኩብ ነው፤ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ ሃያ ሁለት ጊዜ እንደመገልበጥ ማለት ነው። ያውም ከአንድ ሄክታር፣ በአንድ ዝናብ። ጨፌው የጠገበ እንኳ ቢሆን ረጅም ሣሩና ወጣ ገባ መሬቱ ያን ውሃ ያዘገየው ነበር፤ የኮንክሪት ቱቦ ግን ያፋጥነዋል። ከታች ባለው ሰፈር ድልድዩና የቤቱ ግድግዳ የሚፈተኑት በጠቅላላው የውሃ መጠን ብቻ ሳይሆን ውሃው በአንድ ሰዓት ወይም በአምስት ሰዓት በመድረሱ ነው።

ዋጋውን የሚከፍሉት የታችኞቹ ነዋሪዎች ብቻ አይደሉም። በጨፌ ላይ በተሠራ ቤት የገባ ቤተሰብ በመጀመሪያው ክረምት የሚያውቀው ነገር አለ፤ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ገና ሳይጠቀሙበት ይሞላል። የሞላው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። መምጠጫ መኪና ተጠርቶ ይመጥጣል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላል። የሕንፃው ምድር ቤት ካለው ፓምፕ ሌት ተቀን ይሠራል። ዋልካው ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰበሰብ ግድግዳው ይሰነጠቃል። መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ ዋልካውን ቆርጠው ያወጡና በገረጋንቲ ይሞሉታል፤ ለሕንፃው ትክክለኛ እርምጃ ነው። የተቆረጠው ዋልካ የት እንደሚደፋ የሚጠይቅ ግን የለም። ብዙ ጊዜ የሚደፋው በአቅራቢያው ባለ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ማለትም በሌላ ጨፌ ላይ። አንድ ፕሮጀክት በወረቀት ላይ አንድ ረግረግ ሳይነካ በተግባር ሁለት የሚያጠፋው እንዲህ ነው።

የሕጉ ጉድለት ነው ብለን ማለፍ አንችልም። ለሃያ ዓመታት የሠራንበት በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ተጽዕኖው የሚመዘነው በፕሮጀክቱ ስፋትና ቦታ ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ተጓዳኝ ተጽዕኖዎች ጋር ተደማምሮ በሚያስከትለው ውጤት፣ በሚቆይበት ጊዜና ሊመለስ በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ጭምር እንደሆነ ይደነግጋል። ሪፖርቱ ቀጥተኛና ተዘዋዋሪ ተጽዕኖዎችን፣ የማስወገጃና የማቃለያ እርምጃዎችን፣ የክትትል ሥርዓቱንም እንዲይዝ ያዛል። ቃሉ አለ። የሚጎድለው ቃሉ ሊፈጸም የሚችልበት ደረጃ ነው። አንድ ባለይዞታ ለሁለት ሄክታር ቦታው በሚያሠራው ሪፖርት ከላዩና ከታቹ ያሉ ሃያ ይዞታዎች ተደምረው የሚያመጡትን ውጤት እንዲያጠና መጠበቅ የዋህነት ነው። መረጃው የለውም፤ ቢኖረውም ከሊዝ ውሉ በኋላ ምንም አይለውጥም። ለመሬቱ ተጫርቷል፣ ገንዘብ ከፍሏል፣ ካርታ ይዟል። በዚህ ጊዜ የሚመጣ ባለሙያ «እዚህ ባይሠራ ይሻላል» የሚል ምክር ቢጽፍ ማን ይሰማዋል? ስለዚህ አይጽፍም። ማቃለያ ይጽፋል።

የማቃለያው ቅደም ተከተል በትምህርት ክፍሎቻችን ሁሉ ይነገራል፤ በመጀመሪያ ጉዳቱን መሸሽ፣ ካልተቻለ መቀነስ፣ ቀጥሎ የተጎዳውን መልሶ ማዳን፣ በመጨረሻ ለቀረው ጉዳት በሌላ ቦታ ማካካስ። በተግባር ግን የመጀመሪያው መሬቱ በተመራበት ቀን ይሞታል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በአንድ አንቀጽ ይታለፋሉ፤ የሚቀረው አራተኛው ነው፤ እሱም ዘወትር ማለት ይቻላል «ዛፍ ይተከላል» በሚል ቃል ይገለጻል። ዛፍ መትከልን የሚቃወም የለም። ጨፌ ግን የሣርና የቄጠማ ሥርዓት ነው። በእርጥብ ሜዳ ላይ ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ሜዳውን አድርቆታል እንጂ አልተካውም፤ ይህን ደግሞ ከአዲስ አበባ ሰው በላይ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከዛፉ ጋር ኖረናል፤ ረግረግ ለማድረቅ ሆን ተብሎ ሲተከልም አይተናል።

ማካካሻውን በውጭ አገር ዘዴ እናሻሽለው የሚሉ አሉ፤ በሌላ ቦታ አዲስ ረግረግ ይፈጠር ይላሉ። በዚህ ላይ ከማንም በላይ የሠሩት አሜሪካውያን ናቸው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የተጣራ ኪሳራ እንዳይኖር የሚል ብሔራዊ ግብ ይዘው፣ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት፣ ሕግና ገንዘብ እያላቸው፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ሪፖርት ግቡ እየተሳካ እንዳልሆነ ተናገረ። ሞሬኖ ማቴዎስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በመላው ዓለም መልሰው ያገገሙ ወይም አዲስ የተፈጠሩ 621 ረግረጎችን መረጃ ሰብስበው ሲመረምሩ ደግሞ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ የሥነ ሕይወት መዋቅራቸው በአማካይ 26 በመቶ፣ ካርቦንና መሰል ንጥረ ነገሮችን የማዘዋወር ተግባራቸው 23 በመቶ ከተፈጥሮ ረግረጎች ያነሰ ሆኖ አገኙት። ትላልቆቹ ቶሎ ያገግማሉ፤ ትናንሾቹ ይዘገያሉ። የእኛዎቹ ትናንሾች ናቸው። የሚካካስበት መሬትም በከተማዋ ወሰን ውስጥ ወዴት አለ? የአቅም ውስንነት ባለበት ከተማ አራተኛው ደረጃ የለም ብሎ መነሣት ይሻላል ባይ ነኝ። ሸክሙ ሁሉ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያርፋል፤ መሸሽ ደግሞ የሚቻለው መሬት ከመመራቱ በፊት፣ የአካባቢ ልማት ፕላን በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከመዋቅራዊ ፕላን በታች ይህን ደረጃ አስቀምጦታል። የጨፌው ወሰን በዚያ ካርታ ላይ ከሌለ ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ማቃለያ ሁሉ ጌጥ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ይገባኛልም። ከተማዋ ቤት ትፈልጋለች። በአየር ጤና፣ በዓለም ባንክ፣ በቤቴል፣ በካራ ቆሬ ኪራይ እያስመረረው ከሰፈር ሰፈር የሚዘዋወር ቤተሰብ ስለ ቄጠማ ሲሰማ ቢቆጣ አልፈርድበትም። ጥያቄው ግን ቤት ወይስ ጨፌ አይደለም። ሁሉም እርጥብ መሬት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሁሉም ይጠበቅ የሚል አቋምም የለኝም። በመንገድ ሙሌት ምክንያት ውሃ ተገድቦበት የተፈጠረ ኩሬ፣ ከምንጭና ከጅረት ጋር የተለያየ፣ በቆሻሻ የተሞላ ጉድጓድ ለግንባታ ቢሰጥ አላዝንም። ምንጭ የሚወጣበት የተራራ ግርጌና የጅረቱ ሸለቆ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እነዚያ ቢገነባባቸውም ውሃው አይቆምም፤ ቤቱን እየዞረ ይኖራል። ከአንድ መቶ ሄክታር የልማት ክልል ውስጥ አሥሩን በጊዜ ለይቶ ለሣር፣ ለእግር መንገድና ለልጆች ሜዳ መተው፣ የቀረውንም ጥቂት ፎቅ ከፍ አድርጎ መሥራት የሚያስቀረው ቤት የለም። ይህ ምርጫ ግን ካርታው ለባለይዞታዎች ከተቆራረጠ በኋላ አይገኝም።

የጎረቤትን ማየት ለሚፈልግ የካምፓላው ናኪቩቦ ረግረግ አለ፤ የከተማዋን ፍሳሽ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት የሚያጣራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አገልግሎቱ በገንዘብ ተተምኖ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ታይቷል። ትመናው ረግረጉን ሙሉ በሙሉ ከግንባታ አላዳነውም፤ ነገር ግን ክርክሩን ከስሜት ወደ ቁጥር አምጥቶታል። ትንሹ አቃቂም የሚሸከመው ቀላል አይደለም፤ የፋብሪካ፣ የመጸዳጃና የረጲ ቆሻሻ መጣያ ፍሳሽ የሚደርሱበት ወንዝ ነው። በዚህ ከተማ ስለሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎችና ስለሚይዙት ብረታ ብረት ፍሥሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ካሳተሙት ጥናት ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ወንዙ ንጹሕ ውሃ የሚያገኘው ከራስጌው ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ሥራ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ሲያቅድ ዓይኑን ያሳረፈው በወንዙ አካል ላይ ነበር፤ ደግ ሥራ ነው፤ ሆኖም ራስጌው ሲሞላ ዳርቻውን በድንጋይ መካብ የደረቀ ቦይ ማስዋብ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ራስጌው በከፊል ከአዲስ አበባ ወሰን ውጭ፣ አሁን በሸገር ከተማ ሥር መሆኑም ነገሩን ያከብደዋል፤ አዋጁ ክልል ተሻጋሪ ተጽዕኖን የሚመለከት ድንጋጌ እንዳለው ግን አይዘነጋ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ በዚህ መጽሔት ላይ ያወጣሁትም ለዚሁ ነው። አማካሪ ድርጅቶችን በበጋ ይለካሉ ብለን እንወቅሳለን። እኛስ? የተማሪዎቻችን የጥናት ንድፍ የሚቀርበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። መረጃ የሚሰበሰበው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ሰኔ ላይ መመረቂያው ተጠርዞ ይገባል፤ ዝናቡ ሲጀምር ተማሪው ጋውን ለብሷል። የትምህርት ዘመናችን የተቀረጸው ጨፌን እንዳያይ ሆኖ ነው ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የበርጋ ሜዳ የምትራባው፣ በሳይንሳዊ ስሟ ሳሮትሩራ አየርሲ የምትባለው፣ ከምድራችን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ የሆነችው ትንሽ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው በክረምት፣ ቄጠማው ሲያድግ ነው። በየካቲት የወፍ ቆጠራ የወጣ ተመራማሪ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቢያስሰው አያገኛትም፤ በቅጹም ላይ «አልታየችም» ብሎ ይሞላል። በኮልፌ ቀራንዮ ጨፌዎች እሷ ትኑር እያልኩ አይደለም። ዘዴያችን ምን ሊስት እንደሚችል ለማሳየት ነው።

መሣሪያው ውድ አይደለም። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ሁለት ኢንች የፕላስቲክ ቧንቧ የታችኛው ክፍል ተበስቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በእጅ መሰርሰሪያ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የውሃው ከፍታ በሜትር ይለካል። አሥራ ሁለት ቧንቧዎች ከጅረቱ እስከ ተዳፋቱ በመስመር ቢተከሉ ውሃው ከላይ ይምጣ ወይስ ከዝናብ፣ መቼ ይሙላ፣ መቼ ይጉደል በአንድ ዓመት ይታወቃል። ራስጌው ጎርፍ ያባብሳል ወይስ ያዘገያል የሚለው የቡሎክና አክሪማን ጥያቄም ለዚህ ቦታ መልስ ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው የትምህርት ክፍሎች ቢያንስ ለዚህ ዓይነት ጥናት የመስክ ጊዜውን ከሰኔ እስከ ጥቅምት እንዲፈቅዱ፣ የአንዱ ተማሪ ልኬትም በመደርደሪያ ከመቅረት ይልቅ ለሚቀጥለው እንዲተላለፍ ማድረግ ነው። ውጤቱ ለክፍለ ከተማው የፕላን ባለሙያዎች የሚደርሰው በመቶ ገጽ መመረቂያ ሳይሆን የጨፌው ወሰን በተሰመረበት አንድ ካርታ ቢሆን ይነበባል። በክፍለ ከተማው ምዕራባዊ ጠርዝ ገና ያልተቆራረጡ ሜዳዎች አሉ፤ ባለፈው ጥቅምት በእግሬ ዞሬ አይቻቸዋለሁ። ቧንቧዎቹ በግንቦት መተከል አለባቸው፤ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ መሰርሰሪያ ይዞ ወደ መሐላቸው መግባት አይቻልም።